ቀይ የተቀባው የትሪንትዬ መስክ

ትሪንትዬ ጎረቤቴ ናት። በመሬቶቻችን መካከል አንድ ቦይና አንድ የእንጨት ድልድይ አለ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። የቀሯትን ጥቂት ላሞች ራሷ ታልባለች፣ ቦዩን ራሷ ትጠርጋለች። ባሏን በቀበረች ማግስት ድርቆሽ ስትገለብጥ አግኝቻት፣ «ምነው ሦስት ቀን እንኳ አርፈሽ ብትቀመጪ?» ብላት፣ «ዝናቡስ አርፎ ይቀመጥልኛል?» አለችኝ። በእኛ በኔዘርላንዷ ፍሪስላንድ ሰው ብዙ አያወራም። እኔን እግዜር የፈጠረኝ ጎዶሎውን እንድሞላ ሳይሆን አይቀርም።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በአቅራቢያችን ያለው ከተማ የፊኛ በዓል ያደርጋል። ሠላሳ የሚሆኑ ቤት የሚያካክሉ ፊኛዎች ሰው በቅርጫት አንጠልጥለው ወደ ማምሻው ይነሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ የነፋሱ ነው። አብራሪው የደረሰበት መስክ ላይ ይወርድና ለባለመሬቱ አንድ ጠርሙስ ወይን ይሰጣል፤ ባለመሬቱም ሣሩ መረገጡን ይረሳል። መርሳት የማይፈልግ ሰው መስኩን በአብራሪዎቹ ካርታ ላይ ቀይ ያስቀባል። ቀይ መስክ ላይ ማንም አይወርድም። በመንደራችን ቀይ የነበረው የትሪንትዬ ብቻ ነው። ያስቀባችውም በገዛ ወንድሟ የተነሳ ነው።

ወንድሟ ዎቤ በሦስት ዓመት ይበልጣታል፤ ዕድሜውን ሙሉ ፊኛ አብራሪ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ምሽት ሊያስደስታት ብሎ መስኳ ላይ ወረደ። ፊኛውን የሚያነሳው እሳት ጩኸት ያስበረገጋት ባዝራ፣ ከአባታቸው የቀረችው ጥቁሯ ባዝራ፣ ከነእርግዝናዋ ቦይ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። ዎቤ ይህን አላየም። በሌላው በኩል ጠርሙሱን እያወዛወዘ፣ «እዚህ ቤት እንግዳ አይቀበሉም እንዴ?» እያለ መጣ። እሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ሆና ከቦዩ ወጣችና ጠርሙሱን ከእጁ ነጥቃ የአጥሩ ግንድ ላይ ከሰከሰችው። የእንስሳት ሐኪሙ ባዝራዋን ከሥቃይዋ ገላገላት። ከዚያ ወዲያ እህትና ወንድም ቃል አልተለዋወጡም። እናታቸው ስትቀበር እንኳ አንዱ ከሣጥኑ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ቆመው ዋሉ።

አምና ዎቤን ካንሰር እንደያዘውና በበዓሉ ቅዳሜ የመጨረሻውን በረራ ሊበር መሆኑን ሰማሁ። ጓደኛው አብሮት ይበራል፤ እሳቱን ግን እሱ ይይዛል። ወሬ እጄ ላይ ሲያድር ስለሚሻግት እንቁላል ላደርስ በሚል ሰበብ ወደ ትሪንትዬ ሄድኩ።

ነገርኳት። «እንቁላሉን እዚያ አስቀምጠው፣ ቡኬ» አለችኝ።

ቅዳሜ ግን ልጇን አውክዬንና የስድስት ዓመት የልጅ ልጇን አስከትላ በዓሉ ሜዳ ላይ ተገኘች። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አውክዬ ናት ያጫወተችኝ።

ለልጅቷ የተጠበሰ ዓሣ ገዙላት። ልጅቷ መሬት ላይ የተዘረጉት ፊኛዎች ሲነፉ አይታ፣ «አያቴ፣ ይተነፍሳሉ እንዴ?» ትላለች።

«እሳት ሲበሉ ይተነፍሳሉ።»

«ያ ሰውዬስ ለምን ካፖርት ለበሰ? በርዶታል?»

ሰውዬው ዎቤ ነበር። በሐምሌ ፀሐይ ወፍራም ካፖርት ደርቦ ከቅርጫቱ ጎን ወንበር ላይ ተቀምጧል። በመካከላቸው አርባ እርምጃ ቢሆን ነው።

«እማ፣ ሂጂ እንጂ!» አለች አውክዬ።

«ሥራ ላይ ነው።»

«ወንበር ላይ እኮ ነው የተቀመጠው!»

«ሰው ከቦታል። በሰው ፊት ምን እለዋለሁ?»

«‹እንዴት ነህ› አይባልም?»

ትሪንትዬ ዞር አለችና ወደ በዓሉ ጽሕፈት ቤት ድንኳን ሄደች። እዚያ የተቀመጠውን ወጣት፣ «መስኬ ላይ ያለውን ቀይ አጥፉልኝ» አለችው።

«እሺ እማማ። ግን አብራሪዎቹ የዛሬውን ካርታ ወስደዋል፤ የሚጠፋው ከነገ ጀምሮ ነው። ዛሬ የሚፈልጉት ሰው ካለ ግን ሄጄ ልንገረው።»

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

ከድንኳኑ ወጥታ ጣቷን በምራቋ አርሳ ወደ ላይ ቀሰረች። «ነፋሱ ወደ እኛ ነው። መስኩ መሃል ቆሜ በእጄ እጠራዋለሁ። ይወርዳል።»

አውክዬ ልትጮህባት ምንም አልቀራትም ነበር። እኔ ግን ገብቶኛል። ለእኛ ሰው «ይቅር በለኝ» ከማለት ስድስት ሄክታር መሬት መስጠት ይቀለዋል።

ወደ ቤት ከነፉ። ትሪንትዬ ላሞቹን አስገብታ መስኩ መሃል ቆመች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ፊኛዎቹ ከፀሐይዋ በኩል አንድ በአንድ መጡ። የዎቤ ሰማያዊ ፊኛ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ነበር። እሷ በአንድ እጇ ዓይኗን ከፀሐይ ጋርዳ በሌላው ትጠራው ጀመር። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን አነሳች። «ውረድ! ዎቤ፣ ውረድ!» ስትል እሳቱ ከላይ አገሳና ድምጿን ዋጠው። ፊኛው ሽቅብ ተመዘዘ፤ መስኳን አለፈ፤ ቦዩን አለፈ፤ የእኔን ጎመን ተሻግሮ ከታጨደው ሣር ላይ አረፈ።

እየሮጥኩ ሄድኩ። ጓደኛው ደግፎ ከቅርጫቱ አወጣው።

«እንዴት ነህ ዎቤ?»

«እንደምታየኝ። ከፊኛው የቀለልኩት እኔ ነኝ» አለና ሳቀ። ጠርሙሱን ሰጠኝ። ቀጥሎ ወደ ትሪንትዬ ቤት እየተመለከተ፣ «አየሃት? ዝቅ ያልኩት ፊቷን ልይ ብዬ ነበር። በእጇ ሸፈነችውና አልታየኝም። ከዚያ እጇን ስታወናጭፍ እሳቱን ለቀቅኩት» አለኝ።

ቀዩ ሊጠፋ መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ! ሰው ሲያዝን ዝም ማለት ስለማልችል አፌ እንደልማዱ ቀደመኝ፦

«እድለኛ ነህ፣ መንሿን ረስታ ነው የወጣችው። ትንሽ ብትቆይ ሄዳ ታመጣልህ ነበር!»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ሲያቆም፣ «ሃያ ዓመት... አይደክማትም?» አለ። ሚስቱ ሂልትዬ ፊኛውን በመኪና ተከትላ መጥታ ነበርና ደግፋ አስገባችው። ሄዱ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትሪንትዬ በብስክሌት ደረሰች። የላም ቤት ጫማዋን አላወለቀችም።

«የት አለ?»

«ደክሞት ነበር፤ ወሰዱት።»

«አየኝ?»

«አይቶሻል።»

«ታዲያ ለምን አልወረደም? እየጠራሁት!»

«የምታባርሪው መስሎት ነው» አልኳት።

«አንተስ ምን አልከው?»

መዋሸት እችል ነበር። ስለ መንሹ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ቅርጫቱ ያስተኛው ሣር ላይ ቁጭ አለች።

«ደውዪለት» አልኳት።

«በስልክ?» አለችኝ፤ ራቁትሽን ገበያ ውጪ ያልኳት ይመስል።

እሑድ ደብዳቤ ስትጽፍና ስትቀድ ዋለች። ሰኞ ዎቤ ሆስፒታል ገባ፤ ማክሰኞ አውክዬ በግድ ወሰደቻት። ግን ለሕመሙ በሰጡት መድኃኒት እንቅልፍ ውስጥ ነበር። ሂልትዬ ወንበር አቀረበችላትና፣ «አናግሪው፣ ይሰማሉ ይባላል» አለቻት። ትሪንትዬ ሁለት ሰዓት ያህል እጁን ይዛ ተቀመጠች። መጨረሻ ላይ፣ «ዎቤ፣ ስጠራህ ነበር እኮ» አለችው። ሂልትዬ ፊቱን ስታይ ነበር። ምንም አላየችም። ሐሙስ ሞተ።

ከቀብር ስንወጣ በሩ ላይ ጠብቄ፣ «ትሪንትዬ፣ ብታኮርፊኝ ይገባኛል» አልኳት።

ክንዴን ያዘች፤ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ይመስለኛል። «ኩርፊያ እኮ ጨርሻለሁ፣ ቡኬ» አለችኝ። ከዚያ ስለ ድርቆሽ እያወራን ወደ ቤት ሄድን።