ማን ነገረሽ?

ሴት ልጅ አንድ ነገር አውቃለሁ ስትል የሚከተለው ጥያቄ «ማን ነገረሽ?» ነው። አንገፍግፎኛል።

ልጄን አርግዤ ሳለሁ አንድ ቀን ጠዋት እንቅስቃሴዋ ልክ አልመሰለኝም። አሜሪካ ውስጥ ሊንደን በሚባለው ሰፈር ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት፣ እንደ እናት የማያቸው እትዬ «ጸበል ጠጪለት፤ እሱ ያውቃል» አሉኝ። ሆስፒታል ሄድኩ። ነርሷ «የመጀመሪያሽ ስለሆነ ነው፤ ሪላክስ አድርጊ» ብላ ልትመልሰኝ ነበር። የወንበሩን እጀታ ጨብጬ «አልሄድም» አልኩ። ብትቆጣም አልተነሳሁም። ሲሰለቻቸው የልጄን የልብ ምት የሚያሳይ ሞኒተር አደረጉልኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሩጫ ሆነ። ልጄ በኦፕራሲዮን ተወለደች፤ ደህና ናት። ዶክተሩ «ዕድለኛ ነሽ» አለኝ። እትዬ «እመቤቴ ናት ያወጣችሽ» አሉ። ባሌ ዶክተሩን አመሰገነ። «አውቀሽ ነበር» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ከማንም ተጣልቼ አይደለም፤ ያወቅኩትን ሁሉ ለሌላ ማስረከብ ስለሰለቸኝ ነው።

አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባዬ «ቅዳሜ ቅዳሜ ኒር ኢስት ሳይድ ሰፈር እኔ ቤት ሴቶች እንሰበሰባለን። ጸሎት የለም፤ ከኖርነው ተነስተን እናስባለን» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ አንዲት ወጣት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ከአፍሪካ ነሽ አይደል? የአያቶችሽን ጥበብ አካፍይን» አለችኝ።

እዚህም ሌላ ሰው ፈለጉ! «አያቴ ያስተማረችኝ ዝም ማለትን ነው» አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ጮኸ። ባልደረባዬ ሳቀች። «እሺ፣ አያትሽን እንተዋት። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሆስፒታሉን ታሪክ ነገርኳቸው።

«እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ ስጨርስ።

ማን ሳይሆን እንዴት! «ሆዴ ውስጥ አብራኝ የምትኖር ሰው ነበረች» አልኩ፤ «እንቅልፏን ከዝምታዋ እለያለሁ።» ከዚያ በኋላ እንባ ሳይሆን ንዴት ነው የመጣብኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ አምቄው የኖርኩት ንዴት።

እትዬ ስለ ስብሰባው ሰምተው ኮል አደረጉልኝ።

«ሃይማኖታቸው ምንድን ነው?»

«እዚያ ስለ ሃይማኖት አይወራም፤ እናስባለን።»

«ስትሳሳቱስ ማን ያርማችኋል?»

«እርስ በርሳችን።»

«ቅዳሜ ይዘሽኝ ሂጂ። የማርማችሁ እኔ ነኝ።»

ምን ላድርግ፣ ወሰድኳቸው። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ መሃል ተቀመጡ፤ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ያቺ ወጣት «ስቃይ ለሴት ልጅ ትልቅ አስተማሪ ነው» ስትል እትዬ ክንዴን ያዙኝ። «ውሸት ነው በያት! እኔን ስቃይ ያስተማረኝ ደህና መምሰል ብቻ ነው።» ተረጎምኩ። ሴቶቹ «ድገሚልን» አሉኝ፤ ደገምኩ። ከዚያ እትዬ ማን ያስቁማቸው! ስለ ባላቸው፣ ስለ ወሊዳቸው፣ ለእኔ አንድም ቀን ትንፍሽ ያላሉትን ሁሉ አወጡት። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተረጎምኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ደህና ሴቶች ናቸው» አሉኝ፤ «ወሬ ግን ያበዛሉ።»