ከካርታው ላይ የወጣው ግራር

ባለፈው ጥር፣ የጅግጅጋ ነፋስ አቧራውን ይዞ በበር ስንጥቅ በሚገባበት ሰሞን፣ የልጅ ልጄ ሜሮን ላፕቶፗን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችና "እማማ፣ ከሐርተሼክ ቀብሪበያ በእግርሽ ሄደሻል አይደል?" አለችኝ። ሄጃለሁ። ግን ስለዚያ መንገድ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሜሮንና ሆዳን ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው የሚማሩት። ሆዳን የጎረቤቴ የከድጃ የልጅ ልጅ ናት። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተው የጦርነት ጨዋታ ይጫወታሉ። ካርታው እንደ ማር እንጀራ በስድስት ጎን ክፍል ክፍል ተደርጎ የተሰመረ ነው። ወታደሮቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ የሆዳን ቀይ፣ የሜሮን ቢጫ። መጀመሪያ የሚጫወቱት በሰው አገር ካርታ ነበር፣ በረዶና ጥድ በሞላበት። ሲሰለቻቸው ጊዜ "የራሳችንን አገር እንሥራ" አሉ። በነፃ ከኢንተርኔት ያወረዱት መሳያ አላቸው። ከሰማይ የተነሳውን የአገሩን ፎቶ ከሥር ያነጥፉና የማር እንጀራውን ከላይ ይደርቡበታል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ይሞሉታል፣ ኮረብታውን በቡናማ፣ ደረቁን ወንዝ በሰማያዊ፣ ዛፉን በአረንጓዴ። ፎቶው የዛሬ ነው፣ ጨዋታቸው ግን የድሮው ጦርነት። አሮጊት ያስፈለጋቸው ለዚህ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ ባልረግጥም አገሩን ከላይ ሲያሳዩኝ ወዲያው ነው የለየሁት፤ የወንዙ መታጠፊያ የክንድ እጥፋት ይመስላል።

ከድጃም ሻይ በወተት በፔርሙዝ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ያ የድንበር ጦርነት ሐርተሼክ ሲደርስ እኔ ኮረዳ ነበርኩ። እናትና አባቴን የጭነት መኪና ላይ አሳፍረን፣ ለእኛ ቦታ ስለጠፋ ከታላቅ ወንድሜ ከጌታሁን ጋር በእግር ተከተልን። የሐምሌ ፀሐይ ነው፤ ደጋ ዝናብ ሲሆን እዚህ ነፋስና አቧራ ነው። ስንቃችን ተምርና አንድ ኮዳ ውሃ ነበር። ጌታሁን ቀልደኛ ነው። ፈርቼ ዝም ባልኩ ቁጥር ይነካካኛል።

"አንቺ፣ ግመል እንኳ በመንገድ ያጉረመርማል። ምነው ዝም አልሽ?"

"ውሃው እንዳያልቅ ነው።"

"ወሬ ውሃ ይፈጃል እንዴ?"

እኩለ ቀን ላይ ወንዙ መታጠፊያ ደረስን። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ የቆመ ዛፍ አንድ ትልቅ ግራር ብቻ ነበር። ጥላው ሥር ስንገባ እንደ ቤት ነው የቀዘቀዘን። ጌታሁን ኮቱን አንጥፎ ተኛበት፤ እኔ ወንዙ ውስጥ የተረፈ ውሃ ካለ ብዬ ወረድኩ። ተኩሱን የሰማሁት ከዚያ ሆኜ ነው። ስመለስ ጌታሁን እንደተኛ ነበር። የማን ጥይት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በኋላ እንደሰማሁት ወታደር ሁሉ ያንን ዛፍ ነበር አነጣጥሮ የሚጠብቀው፤ መደበቂያ ሌላ የለማ። ያገሩ ሰዎች ግመል እየነዱ ሲያልፉ አገኙኝና ጌታሁንን በደንባቸው ቀብረው ድንጋይ ደረደሩለት። ቀብሪበያ ድረስም እነሱ ናቸው ያደረሱኝ።

ሰላም ሲሆን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሚኒባስ ሄጄ ፈልጌ ነበር። ዛፍ የለም። ድንጋዩም የቱ እንደሆነ አይለይም፤ አገሩ ድንጋይ ነው።

ይህንን ለልጆቹ ስነግር ሜሮን ፎቶውን እያቀረበች "እዚህ ነው? እዚህስ?" ትለኛለች። መታጠፊያው አለ። ዙሪያው እንደ መዳፍ ራቁቱን ነው።

ከድጃ ሻይዋን አስቀመጠች። "አባዮ" አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። "ከጦርነቱ ዓመታት በኋላ እኛ ከድንበር ማዶ ስደተኛ ሆነን መጥተን እዚያ ሰፈርን። ዛፍ አልተውንም። እኔም ቆርጫለሁ።"

"የመታጠፊያውን ግራር?"

"ትልቁንም ትንሹንም። የቱ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?"

ልጆቹ መተያየት ጀመሩ። እኔ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ አሁንም መናገር አልችልም። ብቻ "ምን አበሰላችሁበት?" አልኳት።

"የእርዳታ ስንዴ።"

"ልጆቹ በሉ?"

"በሉ።"

"እንኳን በሉ።"

ሜሮን አንገቴን አቀፈችኝና "በኛ ካርታ ላይ ይኖራል፣ እማማ" ብላ ማውሱን ጫን አደረገችው። መታጠፊያው ላይ አረንጓዴ ዛፍ በቀለ። በጣቴ ነካሁት። ከዚያች ቀን ወዲህ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ስዕልም ቢሆን።

ሆዳን ጎንበስ ብላ አየችውና "ይሄማ ለኔ ነው" አለች። "ዛፍ ውስጥ የገባ ወታደር ቶሎ አይመታም። ቀዮቹን ሁሉ እዚህ ነው የምከታቸው።"

"ቀድሜሽ ካልያዝኩት አይደል?" አለች ሜሮን። "ከሩቅ እተኩስብሻለሁ።"

"ትሞክሪያታለሽ።"

ይሳሳቃሉ። ልጆች ናቸው፣ ጨዋታ ነው።

"አጥፉት" አልኩ።

"ምኑን?"

"ዛፉን።"

"ነበረ አላልሽም እንዴ?" አለች ሆዳን።

"ነበረ።"

ሆዳን ልትከራከር ስትል ከድጃ በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገረቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሜሮን ማውሱን ነካ ስታደርገው ክፍሉ የአሸዋ ቀለም ያዘ።

አሁን ካርታውን አሳትመው ካርቶን ላይ ለጥፈውታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ሳሎን ይጫወታሉ። ቀዩም ቢጫውም ቆርኪ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አይቆምም፤ የሚደበቅበት ነገር ስለሌለ ፈጥኖ ያልፋል። አይቼ ደስ ይለኛል። ከድጃ ግራሩን የቆረጠችው ለልጆቿ ነው፣ እኔ ደግሞ ለወንድሜ። ሁለታችንም ሌላ ምን ማድረግ እንደነበረብን አላውቅም። ብቻ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ጌታሁን ያለ ጥላ መተኛቱ ትዝ ይለኛል። ይኼኔ ነው የማልችለው።