እንግዳዋ የበላችው ዶሮ

ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የዶሮ ወጥ ሽታ ሲመጣብኝ ያንገሸግሸኛል።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ጠየቀች። ኑሯችንን እንድታጣራ አንዲት አሲስተንቴ ሶቻሌ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ተላከችብን። እናቴ ቅቤውን ከአንዷ፣ በርበሬውን ከሌላዋ ጎረቤት ለምና፣ እኛ ለፋሲካ እንኳን ያልቀመስነውን ዶሮ ሠራች።

«እማዬ፣ የምትመጣው እኮ ችግራችንን ልታይ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ቤቴ የገባ ሰው ጦሙን ይውጣ?» አለችኝ።

ሴትዮዋ ፈረሰኛውን ሳታስቀር ጥርግ አድርጋ በላች። አፏን ጠርጋም «እዚህ ቤት ምንም አልጎደለም» ብላ ወጣች። ድጎማውን ተከለከልን።

እኔ እስከ ዛሬ ስሟን መስማት አልፈልግም። እናቴ ግን ባነሳናት ቁጥር፣ «ምስኪን፣ ርቧት ነበር እኮ» ትላለች።