ሃይድሮጅን የሚያሰማው ድምፅ

አማኒ በሱዳን ዋና ከተማ፣ ዴም በሚባል ሰፈር ውስጥ ተወልዳ ያደገች የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ሱዳናዊው አባቷ ሰላሕዲን ገና ልጅ ሳለች ስለሞቱ፣ ያሳደጓት ከጎንደር የመጡት እናቷ እትዬ ጸሐይወርቅ ናቸው፤ እዚያው ከተማ ሪያድ ሰፈር፣ በአንድ ቪላ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥረው።

ትምህርት በሌለ ቀን ልጅቷም አብራቸው ትሄድ ነበር። አንድ ጠዋት እትዬ ጸሐይወርቅ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ለሌላ ሥራ ቀድተው ሲያልፉ፣ ጥቂት ጠብታ አሮጌ የአሉሚኒየም ክዳን ላይ ፈሰሰባቸው። ክዳኑ መጀመሪያ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን እንደ ወተት አረፋ ደፍቆ ይጨስ ጀመር። እናትየው ልጃቸውን ጎትተው ግቢ አወጧት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ለምን ፈላ?» ማለቷን አልተወችም። መልሱን ያገኘችው ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ትምህርት ልቧ አልገባም።

ከተማዋ ላይ ጦርነት ሲመጣ እናትና ልጅ በስተ ምሥራቅ ወዳለችው ወደ ገዳሪፍ ከተማ ሸሹ። ነገሩ ጋብ ሲል ተመለሱ፤ አማኒ የምታስተምርበት የሴቶች ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ቤተ ሙከራው ግን ባዶ ነበር። ቧንቧው ተፈቷል፣ የመብራት ሽቦው ሳይቀር ከግድግዳው ተመዞ ሄዷል። ተማሪዎቿ «ዚንክ ከብረት ይበልጣል፣ ብረት ከመዳብ ይበልጣል» የሚለውን፣ የትኛው በአሲድ ቶሎ እንደሚፈላ የሚናገረውን ተራ፣ ሳያዩት በቃላቸው ሲወጡት ስትሰማ አዘነች።

እቤቷ ገብታ ያለውን መፈለግ ያዘች። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሽፋኑ ዚንክ ነው። የጭማቂ ቆርቆሮ አሉሚኒየም ነው። ምስማርና ቁራጭ የመዳብ ሽቦ አይታጣም። አሲዱን ከሰፈር ሱቅ ገዛች። እትዬ ጸሐይወርቅ አጠገቧ ተቀምጠው የቆርቆሮውን ቀለም በአሸዋ ወረቀት ይፍቁላት ነበር።

«ዩማ፣ አንድ ነገር ከብዶኛል» አለች አማኒ። «የሚወጣው ጋዝ እሳት ሲነካው ይጮኻል። ትንሽ ነው፣ ጧ ብሎ ያበቃል። ግን ረባብ የምትባል ልጅ አለችኝ፤ በር በኃይል ሲዘጋ እንኳ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች።»

እናትየው መፋቃቸውን አቆሙ። «አስቀድመሽ ንገሪያቸዋ፣ ልጄ። እኛን በጦርነቱ ጊዜ የጨረሰን የተኩሱ ድምፅ ብቻ ነው እንዴ? መቼ እንደሚመጣ አለማወቃችን ነው።»

በማግስቱ አማኒ መስኮቱን ሁሉ ከፈተች፤ ልጆቹን ከጠረጴዛው ራቅ አድርጋ አቆመች። አሲዱን ቀስ አድርጋ ውሃ ውስጥ ጨመረች፤ ለአራት ብርጭቆም አከፋፈለችው። መዳቡ ምንም አልሆነ። ምስማሩ ላይ ደቃቅ አረፋ እያለፈ እያለፈ ብቅ አለ። ዚንኩ ወዲያው ተንተከተከ። አሉሚኒየሙ ግን እንደ መዳቡ ዝም ብሎ ተኛ።

«ኡስታዛ፣ መጽሐፉ አሉሚኒየም ዚንክን ይበልጣል ይላል» አለች አንዷ። «ተሳስቷል ማለት ነው?»

«ታገሡ» አለች አማኒ። «አየር ሲነካው ስስ ሽፋን ያበጃል። አሲዱ መጀመሪያ እሱን መብላት አለበት።»

ጠበቁ። ከዚያ አንድ አረፋ ወጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ብዙም ሳይቆይ ብርጭቆው ሙሉ ገንፍሎ ይሞቅ ጀመር። ልጆቹ ተጠጋጉ፤ አማኒ እጇን ዘርግታ ወደ ኋላ መለሰቻቸው።

«አሁን ድምፅ አለ» አለቻቸው። «ትንሽ ነው። መስማት የማትፈልግ ትውጣ፤ ማንም ምንም አይላትም።»

ሁለት ልጆች ወጡ። ረባብም እስከ በሩ ሄደች። እዚያ ቆማ ጥቂት አሰበችና ዞረች።

«ኡስታዛ፣ መቼ እንደሚጮኽ የሚወስነው ማነው?»

«ክብሪቱን የያዘችው ናት።»

«እኔ ልያዘው?»

አማኒ ክብሪቱን ሰጠቻት። ዚንክና አሲድ የጨመረችባትን ትንሽ ጠርሙስ አፏን በአውራ ጣቷ ደፍና ጋዙ እስኪጠራቀም ቆየች። ረባብ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ እሳቱን ይዛ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ለራሷ በሹክሹክታ «ዋሕድ፣ ትኔን፣ ተላታ» ብላ እስከ ሦስት ቆጠረች። አማኒ ጣቷን አነሣች።

ጧ አለ። እንደ ቡችላ ጩኸት ያለ ነገር ነው።

ረባብ እንጨቱን እንደያዘች ጠርሙሷን አየቻት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ሃይድሮጅኑ ተቃጥሎ ውሃ ሆነ። ጤዛውን ውስጧ አታዪውም?»

ረባብ ጎንበስ ብላ አየች። «እንድገመው» አለች።

ደገሙት። የወጡት ሁለቱ ልጆች በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው ያዩ ነበር፤ ኋላ እነሱም ተራ ያዙ።

ረባብ ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ ትደነግጣለች። ግን ጠረጴዛ ሥር መግባቱን ትታለች፤ መንገድ ላይ ያገኘችውን ቁርጥራጭ ብረት ሁሉ እያመጣች «ይሄስ ይፈላል?» ትላለች። አማኒ ይህን ስትነግራቸው እትዬ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲያ ነገ ትምህርት ቤትሽ የምታደርሰኝ ረክሻ ጥሪልኝ» አሏት። «እኔም ልየው።»