ከሐዘን ቤት የወጣው ጠረጴዛ

ደብረ ታቦር ላይ አሮጌ ጠረጴዛ የሚገዛ ሰው ታላቅ ወንድሜን ሳያስከትል አይሄድም ነበር። ጋሼ ጠረጴዛውን ገልብጠው እግሩን ወደ ላይ ያቆሙታል። «ፊቱንማ ማንም ይወለውለዋል፤ ሆዱን አሳዩኝ» ይላሉ። ነቀዝ የበላውም ሆነ እግሩ የተቀጠለው ከታች ይታወቃል።

ሐዘን ከገባበት ቤት ግን አርባው ሳይወጣ ዕቃ አያስገዙም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ያማረ የዋንዛ ጠረጴዛ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ወሰዳቸው። ሻጯ ባሏን በቅርቡ የቀበረች ሴት ነበረች። ጋሼ ጠረጴዛውን ሳይነኩ ተመለሱ።

«ጋሼ፣ ልሽጥ ያለችው ራሷ ናት እኮ!»

«ዓይኗ እንባ ሞልቶት ምኑን አይታ ትሸጥልሃለች? ዘወር በል፣ አንተ ጅብ!»

አሁን እሳቸው ራሳቸው ዐረፉ። አርባቸው ገና ነው። ትናንት ልጃቸው ከባሕር ዳር ነጋዴ አምጥቶ ሲበሉበት የኖሩትን ጠረጴዛ ሸጠው። እኔም በሩ ላይ ተጋደምሁ።

«አክስቴ፣ ይነሡ እንጂ፤ አሮጌ ዕቃ እኮ ነው!»

«የአባትህ አርባ ይውጣ! ከዚያ ቤቱንም ሽጠው!»

ጠረጴዛውን ተሸክመው በላዬ ተሻገሩ። ጎረቤቶቼ «ወራሹ እሱ ነው፤ ምን እናድርግ?» አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስበደል የምጮኸው ወደ ጋሼ ነበር። ትናንትም ከተጋደምሁበት ሳልነሣ «ጋሼ፣ ይድረሱልኝ!» ብዬ ወደ ውስጥ ተጣራሁ። ጠረጴዛው የወጣበት ባዶ ክፍል የራሴን ድምፅ መለሰልኝ።