እንባዬ የመጣው በክርስትናዋ ቀን ነው

የልጄ መርዶ በተነገረኝ ቀን እንባዬ እምቢ አለኝ።

ለቀስተኛው ደረቱን ይመታል፤ እኔ «ለእንግዶቹ ውሃ ሰጣችኋቸው?» እያልኩ እዞራለሁ። አልቃሿ ጎረቤቴ የሺ ስሙን እየጠራች ብትገጥም ብትገጥም ዓይኔ ደረቅ ነው።

«ልቧ ድንጋይ ነው» ያሉም ነበሩ። እውነት ለመናገር እኔም ራሴን ፈራሁት።

ዛሬ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የልጄን ልጅ ክርስትና አስነሳን። አባቷ ሲሞት ገና በእናቷ ሆድ ነበረች።

ቄሱ ከውሃው ሲያወጧት አስነጠሰች። ምን ማስነጠስ ብቻ፣ ቁርጥ የአባቷ! እሱ ሲያስነጥስ የጎረቤት በግ ይደነብር ነበር።

ቄሱ «ይማርሽ» ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጥቁር መልበሴን ረስቼ እልል አልኩ። እልልታዬ ሳያልቅ እንባዬ ይወርድ ጀመር፤ ማቆም አቃተኝ።

አንዷ «ኀዘንተኛ እልል ይላል እንዴ?» አለች።

የሺ ግን ጎኔን ጎሰም አድርጋ፣ «አንቺ ሴትዮ! እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ገጥሜ ያላስለቀስኩሽን ይቺ ጨቅላ በአንድ ማስነጠስ አስለቀሰችሽ? እንግዲያ ሥራዬን ለሷ ላስረክብ!» አለችኝ። እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ።

ዛሬ ቀሎኝ ነው የምጽፈው።

እናንተስ፣ በለቅሶ ቀን እምቢ ያለ እንባ በደስታ ቀን መጥቶባችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ቀስ እያልኩ አነበዋለሁ።

ልጄንም በጸሎታችሁ አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው።