ያልጾምኩት የጽጌ ጾም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለልጆቼም አልነገርኳቸውም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን ስንት ጊዜ ጫፉ ላይ ደርሼ በሌላ ኃጢአት ሸፍኜው ተመልሻለሁ። ሌላ ኃጢአት ደግሞ አላጣም። አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ አታውቀኝም፤ ስለማታውቀኝም ይቀለኛል። ፍረድብኝ እንጂ አትዘንልኝ።

ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ኮኪት አካባቢ፣ የሰሊጥ እርሻዎቹ መሀል፣ አንዲት የቆርቆሮ ክሊኒክ ውስጥ ተመድቤ ወባና የእባብ ንክሻ አክም ነበር። ለአጨዳ ከጎጃም የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች «ዶክተር» ይሉኛል። አላረምኳቸውም፤ ስሙ ጣፍጦኝ ነበር። አንድ ሌላ ነገርም ልናገር፣ በኋላ ያስፈልጋል። ካድሬው በሠራተኛው ፊት ጾም የኋላ ቀር ልማድ ነው እያለ ሲያላግጥ እኔም አብሬው እስቅ ነበር፤ ዓርብ ዓርብም ከእርሻው የሠራተኞች አለቃ ከካቦው ጋር ሰው እያየን ጥብስ እንበላ ነበር። ሠራተኞቹም ያዩናል።

ጥቅምት ላይ ነው፤ ሰሊጡ ሳይረግፍ ለማጨድ የሚሯሯጡበት ጊዜ። ከአንድ የጎጃም ቀበሌ አብረው የወረዱ አጫጆች አንዱን ጓደኛቸውን ይዘውልኝ መጡ። አያሌው ይባላል፤ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ክርኑ፣ ጉልበቱ፣ የእጁ ጀርባና ጣቶቹ ቀልተዋል፤ ከላያቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ይረግፋል። ጓደኞቹ ቁምጥና ነው ብለው ፈርተው ከገበታቸው ለይተውታል። ሽማግሌያቸው አያ ይርጋ እውነቱን እንድነግራቸው ለመኑኝ።

ቁምጥና አልነበረም። ዓይኑን አስጨፍኜ በጥጥ ጫፍ ነካ ነካ ሳደርገው የነካሁትን ቦታ ሁሉ በጣቱ አሳየኝ፤ ቁምጥና ቢሆን ቆዳው ይደነዝዝ ነበር። ሶሪያሲስ የሚባለው ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጎንደር ስማር አንድ ሐኪም አሳይተውኛል። ክብደቱ የሚለካው በበሽተኛው በራሱ መዳፍ ነው ብለውኝ ነበር፤ አንድ መዳፍ ከነጣቶቹ ከመላ አካላቱ ከመቶ አንዱን ይሸፍናል። ይህ ግን የልኩ ግማሽ ነው፤ ቀሪውን ለማወቅ «በዚህ የተነሳ ምን ቀረብህ?» ብለህ ጠይቅ ብለውኛል።

አያሌው መዳፉን ክርኑ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ እያሳረፈ ለካን። ስድስት መዳፍ እንኳ አልሞላም። ቀላል ነው አልኩት፤ ደስ ብሎኝ። ከዚያ ትምህርቴን እንዳልረሳሁ ለራሴ ለማሳየት ያህል ጥያቄውን ጠየቅሁት።

«ከሰው መብላት» አለኝ። ደግሞም፣ «እኔስ ግዴለም። እነዚህ ያገሬ ሰዎች ናቸው፤ ተመልሰው ቁምጥና ነው ካሉ ልጄን የሚወስዳት የለም፤ በዘር ነው ይባላል። ሠርጓ ለጥር ነው» አለኝ።

ሰማሁት። በኋላ አልሰማሁም እንዳልል ነው ይህን የምጽፈው።

ወጥቼ ለሰዎቹ አስረዳኋቸው። ማመኑንስ አምነውኛል። አያ ይርጋ ግን፣ «ቃልዎን ሰምተናል። እንግዲህ አንቱ አብረውት ይቁረሱ፤ እኛም እንከተላለን» አሉ። ከዚህ የበለጠ ምን ፍትሕ አለ? የተጣሉ ሰዎች እንኳ አብረው ካልበሉ ታረቁ አይባልም። እሺ አልኳቸው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ቀትር ላይ ዳሳቸው ሥር የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበ፤ አስታጠቡኝ። አያሌው ከጎኔ ተቀመጠ። እንጀራውን ቆርሶ፣ ከሽሮው አጥቅሶ፣ ደህና አድርጎ ጠቀለለና ጉርሻውን ወደ አፌ ዘረጋ። ጣቶቹን አየሁ። ከጣቱ የረገፈች አንዲት ነጭ ቅርፊት እንጀራው ላይ ነበረች።

ፈራሁ ብል ውሸት ነው፤ እንደማይተላለፍ እዚያ ካሉት ሁሉ በላይ አውቃለሁ። ቀፈፈኝ። በቃ፣ ቀፈፈኝ። ያንኑ ብናገር እንኳ ይሻል ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ጽጌን እየጾምኩ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም።»

ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ አጥባቂ ካልሆነ በቀር የሚጾመው የለም። ዓርብ ጥብስ የምበላው እኔ፣ በጾመኛ የምስቀው እኔ፣ ጽጌን ጾምኩ! ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ምንኛ ጥሩ ነበር። አያ ይርጋ ትንሽ አዩኝና «ያስፈጽምዎት» አሉ። ከዚያም እጃቸውን ከገበታው ሰበሰቡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ዶክተሩ ውሸት ፈጥሮ የሸሸውን ጉርሻ እነሱ ለምን ይድፈሩት?

አያሌው ጉርሻውን እንደያዘ ቆየ። ኋላ ራሱ ጎረሰው፤ አላምጦ ዋጠው። እጁን ታጠበ፣ ማጭዱን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ «ስለደከሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ስላቅ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ ስላቅ አልነበረም። ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ በሚወስደው መንገድ ብቻውን ሄደ። ተከትዬው መሮጥ እችል ነበር። ና፣ አጉርሰኝ ማለት እችል ነበር። አልተነሳሁም። ይባስ ብሎ ውሸቴ እንዳይታወቅብኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእውነት ሳልበላ ዋልኩ።

በዓመቱ እነዚያው ሰዎች ለአጨዳ ተመለሱ። ስለ አያሌው አያ ይርጋን ጠየቅኋቸው። ሠርጉ መፍረሱን፣ ልጅቱ ሩቅ አገር ዘመድ ዘንድ መሄዷን፣ እሱም ቤቱን ትቶ አንድ ጸበል ደጅ መቀመጡን ነገሩኝ። አልወቀሱኝም። ጸበሉ የት እንደሆነም አስረዱኝ። ፈቃድ ልጠይቅ አልኩ፤ ወባ በዛ አልኩ፤ መንገዱ ተበላሸ አልኩ። ሰበብ መቼ ጠፍቶኝ ያውቃል? ሳልሄድ ቀረሁ።

ስድስት መዳፍ ያልሞላ፣ ቀላል። ቀላል ነው ያልኩት እኔ ነኝ። የቀረበትን ሁሉ ሊመልስለት የሚችለው አንድ ጉርሻ ነበር፤ እሱን የነፈግሁትም እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ነው አልልም፤ ዘመኑ በጾም አሳቀኝ እንጂ ጹም ብሎ አላስገደደኝም።

ለንስሐ አባቴ ለምን እንዳልነገርኳቸው ልንገርህና ላብቃ። ደግ ሰው ናቸው፤ ቢሰሙኝ አይቆጡኝም። ቀኖና ይሰጡኛል፤ ቀኖናውም ጾም ነው የሚሆነው። ከዚያ በእጃቸው መስቀል ባርከውኝ «ያስፈጽምህ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ለዚያ ቃል አሜን የምልበት አፍ የለኝም።